የኢቤይ ፊድባክ ለገዢም ለሻጭም እኩል ነው ወይ? ከጎንደር ሆኜ ያየሁት

ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ ወይ ሰርግና ጥምቀት ምትቀርጹ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ እዚ ጎንደር ደህና ሌንስ ማግኘት መከራ ነው። ፒያሳ ብትዞሩ ሞባይልና ቻርጀር ነው እንጂ የካሜራ ዕቃ ብዙም የለም፣ አዲስ አበባ ያለው ደሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚ ውጪ ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱን ያስቸግራል። ለኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ነው ኢቤይ ሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ተጫርቶ ሚገዛልኝ፣ ሊንኩን እኔ እልክለታለሁ፣ እሱ ይከፍላል፣ ከዛ ወደዚ ሚመጣ ሰው ሲገኝ ይልካል። ሻጩን መምረጥ የኔ ስራ ነው፣ ምመርጠው ደሞ በፊድባኩ ነው፣ ማለትም ከሱ የገዙ ሰዎች በሰጡት አስተያየት፣ ሰውየውን አላውቀው፣ ዕቃውን በእጄ አልነካው፣ ሌላ በምን ልመን? ለዛ ነው ስለ ዋጋውና ስለ መላኪያው ትቼ ስለ ፊድባኩ ብቻ ምጽፈው።

ለፊድባክ አሰራሩ ከ5 ኮከብ 3 ነው ምሰጠው። ሁለቱ ለምን እንደቀሩ ልንገራችሁ።

አሰራሩን ለማታውቁ፣ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ገዢው ፖዘቲቭ፣ ኒውትራል ወይ ኔጌቲቭ ይሰጣል፣ አጭር ነገርም ይጽፋል። ፖዘቲቭ አንድ ነጥብ ይጨምራል፣ ኔጌቲቭ አንድ ይቀንሳል፣ ኒውትራል ምንም አያረግም። ከሻጩ ስም ጎን ምታዩት ቁጥር የዛ ድምር ነው፣ 10 ሲሞላ የመጀመሪያዋን ኮከብ ያገኛል። ፐርሰንቱ ግን ለብቻው ነው፣ ያለፉትን 12 ወራት ብቻ ነው ሚያሰላው፣ ስለዚ ከሁለት አመት በፊት ሰው ሲያማርር የነበረ ሻጭ ዛሬ 100 ፐርሰንት ሊያሳይ ይችላል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ቁጥሩን አይቶ ዘሎ ይገባል።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲ አልነበረም። ፒየር ኦሚድያር ኢቤይን በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምረው ስሙ ኦክሽንዌብ ነበር፣ በ1996 ደሞ ፊድባኩን አመጣ፣ ማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው በአደባባይ እንዲመሰክር ማለት ነው። ያኔ ገዢም ለሻጭ፣ ሻጭም ለገዢ ኔጌቲቭ መስጠት ይችል ነበር። ስትሰሙት እኩልነት ይመስላል አይደል? ግን ሻጮቹ መላ አገኙ፣ ገንዘቡ ገብቶላቸውም ፊድባክ ሳይሰጡ ገዢው እስኪናገር ይጠብቃሉ፣ ገዢው ካመሰገነ ያመሰግናሉ፣ ገዢው ኔጌቲቭ ከሰጠ በዛው ቀን አጸፋውን ይለጥፉበታል። አስቡት፣ ጥቂት ዕቃ ብቻ የገዛ ሰው አንድ ኔጌቲቭ ስሙን ገደል ይከተዋል፣ 5 ሺ ዕቃ የሸጠ ሻጭ ግን አንድ ኔጌቲቭ አይሰማውም። ስለዚ ገዢው የተሰበረ ዕቃ ደርሶትም አፉን ይይዛል። ሬዝኒክና ዘክሃውዘር ሚባሉ ተመራማሪዎች የ1999ን የኢቤይ ዳታ ሲያዩ፣ ገዢዎች ከሰጡት ፊድባክ ውስጥ ኔጌቲቩ 1 በመቶ እንኳን አልሞላም፣ ፊድባክ የሰጡት ገዢዎች ራሱ ግማሽ ገደማ ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ረክቶ ነው ብዬ አላምንም፣ አንዳንዱ ፈርቶ ነው ዝም ያለው።

ኢቤይም ገባው መሰለኝ በ2008 ሕጉን ቀየረው፣ ከዛ ወዲህ ሻጭ ለገዢ ፖዘቲቭ ብቻ ነው መስጠት ሚችለው፣ ወይ ዝም ማለት። ሻጮች በጣም ተናደዱ፣ በዛው አመት በክፍያውም በፊድባኩም ምክንያት ዕቃ አንዘረዝርም ብለው አድማ ሁሉ መትተው ነበር። እኔ ገዢ ነኝ፣ ለኔ ጠቀመኝ፣ አሁን ሳልፈራ የተሰማኝን እላለሁ። ግን ስለጠቀመኝ ልክ ነው ማለት አልችልም። ፍርሃቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ አልጠፋም፣ ዛሬ ሚፈራው ሻጩ ነው።

ይሄን ሚረዳኝ ጎንደር ውስጥ በቴሌግራም ሚሸጥ ሰው ነው። ሚሸጡ ጓደኞች አሉኝ፣ ደንበኛው አምጣልኝ ይላል፣ እነሱ ሞተረኛ ከፍለው አዘዞ ድረስ ይልካሉ፣ ሲደርስ ስልኩ ዝግ ነው፣ ወይ ሀሳቤን ቀየርኩ ይላል፣ ነገ ደሞ ሌላውን ሻጭ እንደዛው ያደርጋል። ያንን ሰው ማንም አያስጠነቅቅም። ኢቤይ ላይም ጨረታ አሸንፎ ማይከፍል አለ፣ ደህና ዕቃ ተቀብሎ ገንዘቡን ካልመለስክልኝ ኔጌቲቭ እሰጥሃለሁ ሚልም አለ። ለነገሩ ይሄኛው በሳይቱ ሕግ ክልክል ነው፣ ሻጭ ሪፖርት ማድረግ ይችላል፣ ገዢውን ብሎክ ማድረግ ይችላል፣ ካልከፈለ ጨረታውን ሰርዞ የዛን ሰው ፊድባክ ማስነሳት ይችላል፣ ከኔጌቲቩ ስር መልሱን መጻፍም ይችላል። ግን ይሄ ሁሉ ከሻጩና ከሳይቱ አይወጣም፣ ሌላ ሻጭ ያንን ገዢ ሲያይ ፖዘቲቭ ብቻ ነው ሚታየው። ሁሉም 100 ፐርሰንት የሆነ የገዢ ፊድባክ ምን ይነግረኛል? ምንም።

ስም ደሞ ቀልድ አይደለም፣ ገንዘብ ነው። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ነበር፣ አንድ የታወቀ የኢቤይ ሻጭ ተመሳሳይ የድሮ ፖስትካርዶችን ግማሹን በለመደው ስሙ፣ ግማሹን ባዲስ ስም ሸጠ፣ በድሮ ስሙ የወጡት 8 በመቶ ገደማ በልጠው ተሸጡ። ስለዚ አንድ ሰው ያለ አግባብ ኔጌቲቭ ከሰጠ ከሻጩ ኪስ ብር እየወሰደ ነው። ሻጭም ኔጌቲቭ ይደርስብኛል ብሎ ከተንቀጠቀጠ ያልበላውን ዕዳ ይከፍላል።

ታዲያ ምን ይሻላል ካላችሁኝ መፍትሄው እኛ አገር ማንም ሚያውቀው ነገር ነው። በኩር ላይ ወይ አዲስ ዘመን ላይ ሚወጣውን የጨረታ ማስታወቂያ አንብቡት፣ ተጫራቾች ዋጋቸውን በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ አድርገው ሳጥን ውስጥ ይጨምራሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። የአንዱን ዋጋ ሌላው ቀድሞ ካየው ጨረታው ተበላሸ። ፊድባክም እንደዛ መሆን ነበረበት፣ ገዢም ሻጭም ይጻፉ፣ ሁለቱም እስኪጨርሱ ወይ ቀኑ እስኪያልቅ ማንም አያይም፣ ከዛ ባንድ ላይ ይከፈት። ያኔ ቂም መወጣት አይቻልም፣ ምክንያቱም ሌላው ምን እንዳለ ሳታይ ነው የጻፍከው። ይሄ ህልም አይደለም፣ ሰው ቤቱን ለእንግዳ ሚያከራይበት ኤርቢኤንቢ ሚባለው ሳይት በ2014 አድርጎታል፣ እንግዳውም ባለቤቱም 14 ቀን አላቸው፣ ሁለቱም ከጻፉ ወይ 14 ቀኑ ካለቀ ነው ሚታየው። ኢቤይ ግን የሻጩን አፍ ዘግቶ ተቀመጠ። አንዷ ኮከብ የቀረችው በዚ ነው፣ እና ይሄን ያህል አመት ሳይስተካከል መቆየቱ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ።

ሁለተኛዋ ኮከብ የቀረችው በቀኑ ነው፣ ይሄ ደሞ እኛን አገር ቤት ያለነውን ነው በቀጥታ ሚነካው። ፊድባክ መስጫው 60 ቀን ነው፣ ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ገንዘብ ማስመለሻው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ዕቃው ደረሰ ሚባለው ግን ሜሪላንድ ወንድሜ በር ላይ ሲደርስ ነው እንጂ ጎንደር ሲደርስ አይደለም። ሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሁለት ወር ሶስት ወር ሊቆይ ይችላል። አንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንደዛ ነው የሆነብን፣ ሻጩ በጣም ንጹህ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፣ ሳጥኑ ሲታይ ያምራል፣ እዛ ቤት የተቀበለው ሰው ከላይ አይቶ ፖዘቲቭ ሰጠ። እዚ ሲደርስ የኋላ ክዳኑን አውጥቼ፣ ዲያፍራሙን (ብርሃን ሚያስገባውን ቀዳዳ) እስከ ጥግ ከፍቼ፣ የሞባይል መብራት ከኋላ አብርቼ ሳየው የውስጠኛው መስታወት ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ክር ያለ ፈንገስ ነበረበት። በቀን ፎቶ አይታወቅም፣ ማታ ሰርግ ላይ መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ምስሉ ይነጫል። ገንዘብ ማስመለሻውም ፊድባኩም ቀኑ አልፏል፣ ያ ሻጭ ፕሮፋይል ላይ ግን ከኛ የተሰጠ ምስጋና ተቀምጧል፣ ቀጥሎ ሚገዛው ሰው ያንን አይቶ ይገዛል። እስቲ ይሄ ፍትህ ነው?

እንዲያም ሆኖ 3 የሰጠሁት በደንብ ለሚያነበው ሰው ብዙ ስለሚናገር ነው። ፐርሰንቱን እዩትና እለፉት። ኔጌቲቭና ኒውትራል የተባሉትን ብቻ ለይታችሁ አንብቡ፣ ኒውትራል ላይ እውነት ይበዛል፣ የተናደደ ሰው ያጋንናል፣ ኒውትራል ሰጪ ግን ረጋ ብሎ ነው ሚጽፈው። ከዛ ሻጩ ምን ብሎ እንደመለሰ እዩ፣ ሚሳደብ ከሆነ ውጡ፣ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ የመለሰ ከሆነ ኔጌቲቩ ራሱ ምስክር ነው። ደሞ ምስጋናውን ያገኘው ምን ሸጦ እንደሆነ አረጋግጡ፣ አንድ ዶላር ሁለት ዶላር ሚያወጣ ኬብል ሸጦ መቶ ፖዘቲቭ የሰበሰበ ሰው ድንገት ውድ ካሜራ ካወጣ ባትነኩት ይሻላል።

ከኛው ቴሌግራም ቻናሎች ጋ ሳወዳድረው ደሞ ኢቤይ በብዙ ይሻላል። አንድ ቻናል አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሪቪው ብሎ ሚለጥፈው ራሱ ሻጩ የመረጠውን ስክሪንሾት ነው፣ “ደረሰኝ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ” ሚል ብቻ፣ ኮመንቱ ዝግ ነው፣ ጎረቤቴ እትዬ ለልጃቸው የገዙት ስልክ ባትሪው ያበጠ ሆኖ ሲያገኙት በልጁ በኩል ቢጽፉ ልጁን ከቻናሉ አስወጡት። ቅዳሜ ገበያ ቢሆን ቆመው ሰው ይሰበስቡ ነበር፣ ሽማግሌም ይገባ ነበር፣ እዛ ግን አቤት ሚሉበት የለም። ቻናል ያላችሁ ልጆች እባካችሁ ኮመንቱን ክፈቱት፣ ጥሩ ሰርታችሁ ከሆነ ሚመሰክርላችሁ አታጡም።

አሁን ከወንድሜ ጋ እንዲ ተስማምተናል። ሳጥኑ እንደደረሰ ቪዲዮ ኮል ይደውልልኛል፣ ሌንሱን መብራት ላይ ያሳየኛል፣ ፎከሱን ያዞረዋል፣ ዲያፍራሙን ይከፍታል ይዘጋል፣ ካሜራ ከሆነ ሻተሩን ደጋግሞ ይጫነዋል፣ ችግር ካለ 30 ቀኑ ሳያልፍ ይመልሳል፣ ከሌለ ፊድባኩን አብረን እንጽፋለን፣ ጥሩ ነው ብለን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያው እንዴት እንደነበር፣ መስታወቱ እንደተባለው መሆኑን ጨምረን። ውጪ ዘመድ ያላችሁ እንደዛ አድርጉ፣ በተለይ ለጥምቀት ዕቃ ምታስመጡ ከመስከረም ጀምሩት።