ኢንሹራንስ ካሳ ላይ ለምትንገላቱ፣ አንድ ብሮከር ልጠቁማችሁ

ሰላም የአዲስ አበባ ሹፌሮች፣ ይሄን የምጽፈው ተከፍሎኝ አይደለም ምስጋና ስላለብኝ ነው። መገናኛ ላይ አንድ አይሱዙ የቪትዜን ጎን ልጦት ሄደ፣ እኔም ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ከፈትኩ፣ የትራፊክ ሪፖርት ገባ፣ ጋራዦች ፕሮፎርማ አስገቡ፣ ከዛ በኋላ ያለው "ነገ ይደውሉ" ብቻ ነው። በስንት ጭቅጭቅ ድምሩ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ሰጥተው ይፈርሙ አሉኝ፣ እንዴት ተሰላ ስል "አሰራራችን ነው"። ስማቸውን ልተወው።

የስራ ባልደረባዬ ድሮ ካሳ ክፍል ይሰሩ ከነበሩ አሁን ብሮከር (ደንበኛን ወክሎ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚነጋገር) ከሆኑ ሰውዬ ጋር አገናኘችኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። "አንቺ ልጅ እንዳትፈርሚ፣ መጀመሪያ ፖሊሲሽን አምጪ" አሉኝ፣ የኢንሹራንስ ውሌን ማለታቸው ነው። ደስ ያለኝ ደግሞ እኔን ለማስደሰት ብለው አለመናገራቸው ነው። ኤክሰሱ (ከጉዳቱ እኔ ራሴ የምሸፍነው ድርሻ) ትክክል ነው አሉ፣ መኪናዋ በድሮ ዋጋ ስለተመዘገበች የተቀነሰውም በህግ ያስኬዳል አሉ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበ 200,000 ብር ጉዳት ላይ የነሱ ድርሻ 100,000 ብር ነው፣ ኤክሰስ ደግሞ ከዛ ላይ ይነሳል። እሺ ህግ ነው፣ ግን በየዓመቱ ሳድስ አረቦኑን ሲቀበሉኝ አንድም ሰው ዋጋዋን ከፍ አድርጊ አላለኝም እኮ! ገበያ የሚያጠኑት ካሳ ሲጠየቁ ነው እንዴ?

ጋሼ ስህተት ያገኙት ሌላ ቦታ ነው። ለአዲስ እቃ የሚቀነሰውን የእርጅና ቅናሽ እጅ ዋጋ (ለሰራተኛው ጉልበት የሚከፈለው) ላይም ቆርጠውታል፣ ፖሊሲዬ ላይ እንደዛ የሚል የለም። ስሌቱ መስመር በመስመር በጽሁፍ ይሰጠን ብለው ደብዳቤ ጻፉ፣ ካልሆነ ቅሬታችንን ለብሔራዊ ባንክ እናቀርባለን አሉ። ተስተካክሎ ተከፈለኝ።

ጋራዡ በመሃል "የድሮውን የባምፐር ስንጥቅም አብረን እናስገባው" ሲል ደግሞ ጋሼ ተቆጡ፣ "እነሱን በሃቅ ክፈሉ እያልኩ ይሄን አላስገባም" አሉ። ወንድሜ ቅር አለው፣ እኔ ግን ከዛ በኋላ ነው የበለጠ ያመንኳቸው።

ደሞ ኤጀንትና ብሮከር እንዳይምታታባችሁ፣ ኤጀንት የኩባንያው ሰው ነው፣ ብሮከር ግን የናንተን ጥቅም ይዞ ነው መቆም ያለበት። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ስለሆነ ከኔ ኪስ ምንም አልወጣም፣ ቀጣዩን እድሳት በሳቸው በኩል አድርጌያለሁ፣ በአሁን ዋጋ።

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና። ስልካቸውን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ አስፈቅጃለሁ። ፖሊሲያችሁን ሳትይዙ እንዳትሄዱ ግን፣ ይመልሷችኋል።