የወተት ጥርስ ባንክ ወይስ ጎበዝ የጥርስ ሐኪም?

"የልጄ ጥርስ መነቃነቅ ጀምሯል፤ ስቴም ሴሉን ባስቀምጥለት ይሻላል ወይስ ይቅር?" ወላጅ የሆኑ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። የወተት ጥርስ ባንክ የሚባሉት ድርጅቶች የልጁን ጥርስ ስቴም ሴል፣ ማለትም ተራብቶ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችለውን ሴል፣ ለወደፊት ሕክምና ይሆናል ብለው በክፍያ አቀዝቅዘው ያስቀምጣሉ። መልሴ ያው ነው፤ ይቅር። ገንዘቡን ያዙትና ልጁ ወድቆ የፊት ጥርሱን የሰበረ ቀን ጎበዝ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱበት።

ሳይንሱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ነርቭ እያልን የምንጠራው በጥርስ ውስጥ ያለው ለስላሳ ሥጋ ስቴም ሴል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቋል፤ የወለቀ የወተት ጥርስም እንዳለው በ2003 ተጽፏል። ግን እዚያው የ2003ቱ ጥናት ላይ ሻጮች የማያነሱት ቁጥር አለ፦ ከአንድ የፊት ጥርስ የተገኙት መራባት የሚችሉ ሴሎች ከ12 እስከ 20 ቢሆኑ ነው። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት "ሚሊዮን" የሚመጣው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲባዙ ከተደረገ በኋላ ነው፤ ማራባቱ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው።

ዋጋውን እንየው፣ ምክንያቱም ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚነገራችሁ የመመዝገቢያው ክፍያ ብቻ ነው። ከዚያ በየዓመቱ የማስቀመጫ አለ። ልጁ 6 ዓመቱ ላይ የተቀመጠ ጥርስ እስከ 30 ዓመቱ ቢቆይ 24 ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ዋጋው እንደማይጨምር ውሉ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ መጨመሩ አይቀርም። ሴሉ ሲፈለግ ማውጣቱ፣ ማራባቱ፣ ለሰው እንዲሆን መመርመሩ፣ በመጨረሻም የሐኪሙ ሂሳብ ይከተላል። ይህን ሁሉ ደምሩና ለምን ሕክምና እንደሚውል ጠይቁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር እንኳ ከጥርስ በተወሰደ ስቴም ሴል ለሚሠራ ሕክምና እስካሁን ፈቃድ አልሰጠም።

አንዲት ጓደኛዬ ለማስቀመጥ ከፍላ በእጇ የገባው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ "ጥርሱ ደርሶን ተቀምጧል" ይላል፤ በቃ። ስንት ሴል በሕይወት አለ፣ ባክቴሪያ ገብቶበታል ወይ፣ የሚል ነገር የለውም። ስትጠይቅ ምርመራው ለብቻው ይከፈልበታል አሏት። ጥርሱ ደግሞ ለሳምንታት በክር ያህል ተንጠልጥሎ ቆይቶ የወለቀ ነበር፤ በሶፍት ተጠቅልሎ አድሮ ነው የተላከው። እንዲህ ዓይነቱ ጥርስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር የለም። ሥሩ ሲሟሟና ደም መድረሱን ሲያቆም ውስጡ ይሞታል። የወለቀውን ጥርስ ገልብጣችሁ እዩት፤ መሃሉ ላይ ቀይ ሥጋ ካለ ሕይወት አለው ማለት ነው፣ ባዶ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን የምታስቀዘቅዙት ቅርፊት ነው። ማስቀመጥ አለብኝ የሚል ሰው ካለ ጥርሱ ሳይወልቅ በሐኪም ይነቀልለት፤ ስንት ሕያው ሴል እንደተቆጠረ በጽሑፍ ካልተሰጠው ደግሞ አይክፈል።

አሁን ወደምመርጠው ልምጣ። አዲስ የበቀለ ቋሚ ጥርስ ሥሩ ገና ሳይዘጋ ሲሰበርና ነርቩ ሲሞት ሪቫስኩላራይዜሽን የሚባል ሕክምና አለ። ሐኪሙ የሥሩን ውስጥ ያጥባል፣ መድኃኒት አድርጎበት ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋዋል። በቀጠሮው ቀን አድሬናሊን በሌለው ማደንዘዣ ያደነዝዛል፣ ፋይል በሚባል መርፌ መሰል ቀጭን መሣሪያ ከሥሩ ጫፍ ትንሽ አልፎ ነካ ያደርገውና ደም እንዲሞላ ያደርጋል። ደሙ ሲረጋ ከላይ በሲሚንቶ መሰል ነገር ይደፍነዋል። ከደሙ ጋር የሚገቡት ስቴም ሴሎች ከሥሩ ጫፍ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ የልጁ የራሱ፣ ትኩስ፣ የማስቀመጫ ክፍያ የሌለባቸው። ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ሥር ይወፍራል፣ ይረዝማልም።

እንከን የለውም አልልም። ውስጡ የሚያድገው ሁልጊዜ እውነተኛ ነርቭ አይደለም፣ አንዳንዴ አጥንት መሰል ነገር ነው። ሥሩ የተዘጋ የትልቅ ሰው ጥርስ ላይ ውጤቱ እንደ ልጅ አይሆንም። ሌላው ቀለም ነው። ሚኖሳይክሊን ያለበት የአንቲባዮቲክ ቅልቅል ወይም ኤምቲኤ የሚባለው ሲሚንቶ መሰል መድፈኛ ግራጫው ዓይነት ከተደረገ የፊት ጥርስ ይጠቁራል፤ ከዚያ ማንጫ እያሉ ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ ሳይጀመር "ጥርሱን የማያጠቁር ነው የምትጠቀሙት?" ብላችሁ ጠይቁ። ክትትሉንም አትዝለሉ፤ ከስድስት ወር፣ ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ራጅ ይነሳል።

የባንኩ ሰዎች በ2018 የወጣውን የቻይና ጥናት ማንሳታቸው አይቀርም። ጥሩ ጥናት ነው፤ ወድቀው የፊት ጥርሳቸው የሞተባቸው ልጆች የወተት ጥርሳቸው ሴል ተራብቶ ገብቶላቸው ነርቭ መሰል ሥጋ በቅሏል። ግን አስተውሉ፣ ሴሉ የተወሰደው ልጆቹ ገና አፋቸው ውስጥ ከነበረው የወተት ጥርስ ነው። ለሃያ ዓመት በረዶ ውስጥ ስለቆየ ጥርስ የሚነግረን ነገር የለም። ልጅ ሲያድግም ምንጩ አያልቅም፤ መጨረሻ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ውስጡ ያው ዓይነት ሴል አለ።

ከእትብት ደም ጋር እያወዳደሩ የሚሸጡላችሁም አሉ። እሱ ሌላ ነገር ነው። የእትብት ደም ስቴም ሴል ደም ይሠራል፣ ከ1988 ጀምሮ ለደም በሽታ ሲሰጥ ቆይቷል። የጥርሱ ስቴም ሴል ግን ደም አይሠራም። "የጥርስ ስቴም ሴል" የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ቅባትና መርፌ የሚሸጡትን ደግሞ ጭራሽ አትጠጉ፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ሴል ሳይሆን ሴል ያደገበት ፈሳሽ ነው።

አንድ ምንም የማያስከፍል ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ ይህን ያዙልኝ። የልጁ ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ሕያው ነው፣ እሱም ስቴም ሴል አለው። አፍ ውስጥ የሚታየውን ነጩን ክፍል ይዛችሁ አንሱት፣ ሥሩን አትሹት፣ ከቆሸሸ ለአፍታ አለቅልቁትና ወደቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ክተቱትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ድረሱ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥር የሚመጣውን ይጎዳል።