የሜፕል ቫኩም ፓምፕ፦ ከመግዛታችሁ በፊት መቼ እንደምታስነሱት ወስኑ

ፓምፕ ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስንት ኢንች ሜርኩሪ (የቫኩም፣ ማለትም የመሳብ ኃይል መለኪያ) እንደሚስብ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማነው የሚያጠፋው?

በአሜሪካ ቬርሞንትም ሆነ በካናዳ ኩቤክ የሜፕል ዛፍ ውሃ፣ ማለትም ሳፕ፣ የሚወርደው በአብዛኛው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ነው። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ሞቅ ማለት አለበት። ስኳሩ 2 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሊትር ሽሮፕ 40 ሊትር ያህል ሳፕ ይፈላል። (ሽሮፕ ሲባል የሳል መድኃኒት ትዝ የሚለን ብዙ ነን፤ ይሄ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰው ነው።) ሳፑ ዛፉ ላይ ከተበሳ ቀዳዳ በቱቦ ይወርዳል፤ ቫኩም ፓምፕ ቱቦውን እየሳበ ያበዛዋል። በሙያው እንደሚባለው አንድ ኢንች ቫኩም በተጨመረ ቁጥር ሳፑ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያድጋል። ፓምፑ ግን የሚጠቅመው በሰዓቱ ከተነሳ ነው።

በእጅ የሚያስነሳ ሰው ጠዋት ቱቦው ውስጥ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ያስነሳል፣ ሲመሽ ያጠፋል። ችግሩ ዛፉ እሱን አይጠብቅም። ቤቱ ጥላ ሥር የተሰቀለው ቴርሞሜትር ገና ከዜሮ በታች እያለ፣ ፀሐይ የሚያገኘው የደቡብ ተዳፋት መንጠባጠብ ጀምሯል። ቴርሞስታት ይህን ያቃልላል፤ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ያስነሳል። ሴንሰሩን ግን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ጫካው ውስጥ ስቀሉት።

ትልቁ ስህተት አርፍዶ ማስነሳት ሳይሆን ቶሎ ማጥፋት ነው። ቫኩሙ ጠፍቶ ዛፉ ሲቀዘቅዝ፣ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ሳፕ መልሶ ይስባል። ከሳፑ ጋር ባክቴሪያ ይገባና ቀዳዳው ያለጊዜው ይደርቃል። ስለዚህ እኔ የማጠፋው ቱቦው ጠጥሮ ምንም ሳይገባ ሲቀር ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በላይ ካደረ ፓምፑም ያድራል። 3 ኪሎዋት የሚበላ ሞተር 10 ሰዓት ቢሠራ፣ ኪሎዋት ሰዓቱ በ20 ሳንቲም 6 ዶላር ነው። በዚያ ሌሊት 400 ሊትር ሳፕ ከገባ 10 ሊትር ሽሮፕ ነው። መብራት ፈጀብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ያስላ።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። እስከ መቶ፣ ሁለት መቶ ቀዳዳ ላለው ሰው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ዲያፍራም ፓምፕ (በሚርገበገብ ስስ ሽፋን የምትስብ) ትበቃለች። ርካሽ ናት፣ በባትሪም ትሠራለች። ግን ሳፑ በሆዷ ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያዋን የገደልኳት እንዲህ ነው፦ ውሃውን ሳላፈስ አደረች፣ ውርጭ መታት። ጠዋት ሞተሯ ያጉረመርማል፣ መለኪያው ግን ዜሮ ላይ ነው። ስፈታት ጭንቅላቷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ማታ ማታ ሄዶ የሚያያት ከሌለ አትግዟት።

ከላም እርባታ የወጣ አሮጌ የማለቢያ ፓምፕ ደግሞ ጠንካራና ርካሽ ነው። የተሠራው ግን ለ15 ኢንች አካባቢ ነው። 25 ላይ ካስጨነቃችሁት ይግላል፣ ዘይት ይጠጣል። ቀን ቀን አጠገቡ ለሚውል ሰው ይሆናል እንጂ ለብቻው ጫካ ውስጥ አይተውም።

በውሃ የሚታሸገው ፓምፕ ከፍተኛ ቫኩም ይሰጣል። ውሃው ከበረደ ይጠጥራል፣ ከሞቀ ደግሞ ቫኩሙ ይወርዳል። ሙቀት ያለው ክፍል ከሌላችሁ እለፉት።

ሌትና ቀን ማስኬድ ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ ጥፍር መሰል ሁለት ጥርሶች ያሉት ደረቁ ክሎ ፓምፕ ነው። አየሩ በሚያልፍበት ክፍል ዘይትም ውሃም የለም። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሲጨመርለት፣ ቱቦው ካላፈሰ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መብራትም ይቆጥባል። ይጮሃል፤ ዋጋውም ያስደነግጣል። ከሺህ ቀዳዳ በታች ካላችሁ እኔ አልገፋፋችሁም።

መጠኑን ስትመርጡ ለ100 ቀዳዳ በደቂቃ 1 ኪዩቢክ ጫማ አየር መነሻ ይሁናችሁ። በእጅ የምታስነሱ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ትንሽ ኳስ ያለበትን፣ ሳፕ ወደ ኋላ የማይመልሰውን የቀዳዳ መሰኪያ ጨምሩ።

ትልቅ ፓምፕ ከማዘዛችሁ በፊት ግን አንድ ጠዋት ቱቦውን ተከትላችሁ ሂዱ። ሳፑ ውስጥ አረፋ የሚሽቀዳደም ከሆነ፣ ከላይ በኩል ሽኮኮ የነከሰችው፣ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ።