ፎከሱን ለአውራ ጣት መስጠት፦ ኒኮን ዲ7200 ከወራት በኋላ

ኒኮን ዲ7200 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ካሜራ ነው። ስለ 24 ሜጋፒክስሉና ስለ 51 የፎከስ ነጥቦቹ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። ለወራት ስሠራበት ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ሜኑ ውስጥ ያለች አንዲት ምርጫ ነች። ፎከስ የማድረጉን ሥራ ከሹተር ቁልፍ ወስዳ ለአውራ ጣት ትሰጣለች።

ካሜራው አዲስ ሲሆን የሹተር ቁልፉ ሥራ ይበዛበታል። በግማሽ ሲጫኑት ብርሃን ይለካል፣ ፎከስም ያደርጋል። እስከ መጨረሻ ሲጫኑት ያነሳል። በኤኤፍ-ኤስ (አንዴ ፎከስ አድርጎ በሚቆልፈው ሞድ) ከሆነ፣ ጣትዎ በግማሽ እንደተጫነ እስከቆየ ድረስ ፎከሱ ይቆለፋል። ችግሩ የሚመጣው ጣት ሲነሳ ነው። የተቀመጠ ሰው ከፍሬሙ ዳር አድርገው ደጋግመው ሊያነሱ ነው እንበል። በየፎቶው ፊቱ ላይ ማነጣጠር፣ በግማሽ መጫን፣ ካሜራውን መልሶ ማዞር ነው። እስከዚያ ያ ደስ የሚል ፈገግታ ጠፍቷል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ከስተም ሴቲንግ ሜኑ ውስጥ ኤፍ4 የሚለውን ይክፈቱ። ከኋላ ያለው የኤኢ-ኤል/ኤኤፍ-ኤል ቁልፍ ሥራ የሚወሰነው እዚያ ነው። ኤኤፍ-ኦንን፣ ማለትም ቁልፉ ሲጫን ፎከስ እንዲያደርግ የሚያዘውን፣ ይምረጡ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሹተር ቁልፉ ፎከስ አይነካም። ቁልፉ ቀድሞ ይሠራው የነበረውን ተጋላጭነት መቆለፊያ (የተለካውን የብርሃን መጠን ባለበት የሚያቆየውን) ካጡት ደግሞ፣ ኤፍ2 ላይ ገብተው ከፊት ላለው ኤፍኤን ቁልፍ ይስጡት።

አሁን ካሜራውን ኤኤፍ-ሲ (ፎከሱን ያለማቋረጥ የሚያስተካክለው ሞድ) ላይ ያድርጉትና እዚያው ይተዉት። የነገሩ ጣዕም እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት ተጭኖ ሲቆይ ፎከሱ የሚንቀሳቀሰውን ይከተላል፤ ሲነሳ ባለበት ይቆማል። ልጅ ሲሮጥ እጫናለሁ፣ ቆም ሲል እለቃለሁ። መሃል ላይ ሰው ቢያልፍ ጣቴን ብድግ አደርጋለሁ፣ ፎከሱ ወደ አላፊው አይሄድም። የቆመንም የሚሮጥንም ለማንሳት ሞድ መቀያየር ቀረ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጬ በታይመር ሳነሳም አንዴ ፎከስ ካደረግሁ በቂ ነው፤ ካሜራው እንደገና ፎከስ ፍለጋ አይገባም። ለእኔ ይሄ ከብዙ ሜጋፒክስል ይበልጣል።

ኤኤፍ-ኤስ ላይ ልቆይ ካሉ ግን በዚያው ሜኑ ያለውን ኤ2ን ይመልከቱ፤ በኤኤፍ-ኤስ ካሜራው መቼ እንዲያነሳ የሚወስነው እሱ ነው። እዚያ የተመረጠው ፎከስ ከሆነ፣ የፎከስ ምልክቱ ካልበራ ካሜራው አያነሳም። ጣትዎን አንስተው ፍሬሙን ሲያዞሩ ሹተሩ እምቢ ሊልዎት ይችላል። ኤኤፍ-ሲ ላይ፣ ተመሳሳዩን የሚወስነው ኤ1 እንደመጣ ከተተወ፣ ይሄ ጣጣ የለም።

ዋጋ የሚያስከፍል ነገርም አለው። ቪአር ያላቸው ሌንሶች የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያቸው የሚነቃው በሹተር ቁልፉ ግማሽ ጭነት እንጂ በኤኤፍ-ኦን አይደለም። ስለዚህ ከማንሳቴ በፊት ሹተሩን ለአፍታ በግማሽ እጫናለሁ። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥም ለፎከስ የምታግዘው የካሜራዋ መብራት በኤኤፍ-ሲ አትበራም። ያኔ ጠቆር ያለና ነጣ ያለ የሚገናኙበትን ጠርዝ ፈልጎ እሱ ላይ ማነጣጠር ይሻላል።

ሌላው ካሜራውን ለሰው ሲሰጡ ነው። የማያውቅ ሰው ሹተሩን ይጫናል፣ ፎቶው ይደበዝዛል። መፍትሔው ዩ1 እና ዩ2፣ የራስዎን ማስተካከያ የሚያስቀምጡባቸው ሁለት የመዘውር ቦታዎች፣ ናቸው። የእርስዎን አሠራር ዩ1 ላይ፣ የተለመደውን ዩ2 ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ከመስጠትዎ በፊት የላይኛውን መዘውር ማዞር ብቻ ነው። ካሜራውን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትዋሉ።

ሐሳቡ የኒኮን ብቻ አይደለም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1989 በኢኦኤስ 630 ላይ አስገብቶት ነበር። ኤኤፍ-ኦን የሚል ቁልፍ የሌላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ የኮከብ ምልክት ያለበት ቁልፍ ይህን ሥራ መያዝ ይችላል። ሶኒ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሹተሩን ፎከስ ማጥፋትና ኤኤፍ-ኦንን ለአንድ ቁልፍ መስጠት።

ጣት እስኪለምድ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። በግራ ዓይኑ የሚያይ ሰው ግን ከመወሰኑ በፊት ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ይሞክረው። ቁልፉ ከቪውፋይንደሩ በስተቀኝ ስለሆነ አውራ ጣቱ ፊቱን ይነካዋል።