ቮላጂ ሊሾ፦ አንድ ዶላር የተፈረደባት ሳይክል

ያገለገለች ቮላጂ ሊሾ (ቮላጂ የተባለ ትንሽ ድርጅት የሠራት የአስፋልት ሳይክል) ለሽያጭ ቀርባ አይታችሁ "ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" እያላችሁ ከሆነ መልሴ አጭር ነው። ቴላዮዋ (ቱቦዎቹ የተገጣጠሙበት አጽሟ) ጤነኛ ከሆነ፣ ልኳ ከቁመታችሁ ጋር ከሄደ፣ ዋጋዋም ከእኩዮቿ አሮጌ የካርቦን ሳይክሎች ካልበለጠ ግዟት። ከታች ለምነግራችሁ የፍርድ ቤት ታሪኳ ብላችሁ ግን አንድ ዶላር እንኳ እንዳትጨምሩ። ሻጮቹ ታሪኩን በደንብ ያውቁታል፣ ዋጋው ውስጥም ቀላቅለው ይሸጡታል።

መጀመሪያ ሳይክሏን። ከጎን ሆናችሁ እዩዋት። ሌሎች ሳይክሎች ላይ ከኋላ ጎማው መሃል ተነስተው ሽቅብ የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ኮርቻውን የተሸከመው ምሰሶ ጋ ሲደርሱ እዚያው ይጣበቃሉ። ሊሾ ላይ አይጣበቁም። ምሰሶውን በግራና በቀኝ ሳይነኩት ያልፉና እንደ ደጋን ጎበጥ ብለው ከላይኛው አግዳሚ ቱቦ ጋር ይገናኛሉ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ በምሰሶውና በቱቦዎቹ መካከል ክፍተት አለ፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሎንግቦው ፍሌክስ ስቴይ ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቱቦው ረዘም ሲልና መሃል ላይ የሚይዘው ሲያጣ ትንሽ ይለጠጣል፣ መንገዱ የሚያነሳው ንዝረትም ወገባችሁ ጋ ሳይደርስ ይበርዳል። የታችኞቹ ቱቦዎች ግን እንደ ጠጠሩ ስለሚቀሩ ፔዳል ስትረግጡ ጉልበታችሁ አይባክንም።

ይሠራል ወይ? ከባለቤቷ ተውሼ ሸካራ አስፋልት ላይ ነድቻታለሁ። ይሠራል። ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማችኋል፣ በተለይ ሰዓቱ ሲረዝም። ቆማችሁ ዳገት ስትወጡ ደግሞ የመልፈስፈስ ነገር የላትም። እውነቱን ለመናገር ግን ከምቾቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ጎማው ነው። ሰፋ ያለ ጎማ አስገብታችሁ ነፋሱን ቀነስ ብታደርጉት የትኛውም ብልጥ ቴላዮ ከሚሰጣችሁ በላይ ታገኛላችሁ። ደጋኑ ጥሩ ነው፣ ተአምር ግን አይደለም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ፍሬኑ ነው። ሊሾ ስትወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ የአስፋልት ሳይክል ላይ ዲስክ ፍሬን (የጎማው መሃል ላይ የተገጠመ ክብ ብረት የሚይዝ ፍሬን) ማድረግ እንደ ቅብጠት ይታይ ነበር። ሁሉም ሰው ቸርኬውን በላስቲክ እየቆነጠጠ ነበር የሚያቆመው። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ዲስክን በጎዳና ውድድር ላይ መሞከር የጀመረው በ2015 ነው፣ በ2016 አንድ ተወዳዳሪ ዲስክ ቆረጠኝ ሲል ሙከራው ቆመ፣ በቋሚነት የተፈቀደው በ2018 ነው። ዛሬ ውድ የአስፋልት ሳይክል ያለ ዲስክ ፈልጋችሁ ማግኘት ከባድ ነው። ሊሾን የሠሩት ሁለት ሰዎች ቀድመው አዩት ማለት ነው።

ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ሮበርት ቾይ እና ባርሊ ፎርስማን ይባላሉ፣ ሁለቱም የስፔሻላይዝድ ሠራተኞች ነበሩ። ስፔሻላይዝድን የማያውቅ ሳይክል ነጂ የለም። ማይክ ሲንያርድ በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረተው ነው፣ ሰውየው የቮልስዋገን መኪናውን ሸጦ አውሮፓ ሄዶ የጣሊያን ዕቃ በማስመጣት ነው የጀመረው። በ1981 ስታምፕጃምፐር የተባለችውን የተራራ ሳይክል በብዛት አምርቶ ለገበያ አቀረበ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አላየም። እሱም አንድ ሰሞን ጀማሪ ነበር ለማለት ያህል ነው።

ቾይ እና ፎርስማን በ2010 ለቀቁ። ቮላጂን ከፈቱ። ሊሾን አሳዩ። ስፔሻላይዝድ ከሰሳቸው።

ክሱ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ሐሳቡን የጠነሰሳችሁት የእኛን ደመወዝ እየበላችሁ ነው፣ ምስጢራችንን ይዛችሁ ወጥታችኋል፣ የሥራ ውላችሁን አፍርሳችኋል። ሲንያርድ በበኩሉ ነገሩ የመተማመን ጉዳይ ነው ሲል ነበር። ጉዳዩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ክሩዝ ፍርድ ቤት ደረሰና በጥር 2012 ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፊት ታየ። አብዛኞቹን ክሶች ዳኛው ጣሏቸው። ጁሪው የቀረውን ይዞ መከረና የሥራ ውል ተጥሷል አለ። ካሳውስ? አንድ ዶላር።

ይሄኔ ኢንተርኔቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳዊት ጎልያድን ጣለው ተባለ። እኔ እንደዚያ አላየውም። አንደኛ ነገር፣ አንድ ዶላር ማለት "አላጠፋህም" ማለት አይደለም። "አጥፍተሃል፣ የጎዳኸው ነገር ግን አልታየኝም" ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ካሳው አንዲት ዶላር ብቻ መሆኑ ቮላጂ ለጠበቃ ያወጣውን ገንዘብ አይመልስለትም። ለትልቁ ኩባንያ የፍርድ ቤት ወጪ ማለት ከብዙ የበጀት መስመሮች አንዱ ነው። ገና የመጀመሪያ ሳይክሉን ለመሸጥ ላይ ታች ለሚል ድርጅት ግን ያ ብር የሚቀጥለው ሞዴል ነበር፣ የማስታወቂያው ነበር፣ የሠራተኛው ደመወዝ ነበር። አሸንፎም ኪሱ የተራገፈ ሰው አሸነፈ ይባላል?

ሕጉ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ካሊፎርኒያ ለሠራተኛ ያደላል ይባላል፣ እውነትም ነው። "እኛን ለቀህ ከሄድክ ተፎካካሪ አትሆንም" የሚል ውል እዚያ በጥቅሉ ዋጋ የለውም፣ የንግድና የሙያ ሕጉ አንቀጽ 16600 ያፈርሰዋል። የሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 2870 ደግሞ በራስህ ሰዓትና በራስህ ዕቃ የፈጠርከው ያንተ ነው ይላል። እስቲ አጨብጭቡ። አሁን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ፦ ፈጠራው ከአሠሪህ ሥራ ጋር የሚነካካ ከሆነ ጥበቃው አይሠራም። እንግዲህ ሳይክል ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳይክል ቢስል ከአሠሪው ሥራ ጋር አይነካካም ብሎ ማን ሊከራከር ነው? ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። መልቀቅ ትችላለህ፣ መፎካከርም ትችላለህ፣ ግን ሥዕሉን መቼ ጀመርክ? ጠቡ ሁሉ የሚያርፈው ቀኑ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ሊሾን ሳያት ክሱ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም። ሰዎቹ ገና ሳይወጡ ሲያስቡ ነበር ቢባል ስፔሻላይዝድ የመከፋት መብት አለው፣ ማንም አሠሪ ይከፋዋል። ነገር ግን ሳይክሏ ራሷ ምኗ ነው የእነሱ? የስፔሻላይዝድ የምቾት ሳይክል የሆነችው ሩቤ ንዝረቱን የምትቀንሰው ቴላዮዋ ውስጥ በተሰኩ ለስላሳ ማስገቢያዎች ነበር፣ ፍሬኗም ያን ጊዜ ቸርኬ የሚቆነጥጠው ዓይነት ነው። ሊሾ ደጋንና ዲስክ ይዛ መጣች። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቁሙና ማን ከማን እንደቀዳ ንገሩኝ።

ሩቤን ካነሳን አይቀር፣ ኩባንያው ከዚህም አልተማረም። በ2013 ካናዳ አልበርታ ውስጥ ካፌ ሩቤ የምትባል ሚጢጢ የሳይክል ሱቅ ስምሽን ቀይሪ ብሎ ጠበቃ ላከባት። ባለቤቱ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ነው። ሕዝቡ ጮኸ። ከዚያ ፉጂ የተባለውን የሳይክል ምልክት ያን ጊዜ ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ ብቅ ብሎ "ኧረ የስሙ ባለቤት እኛ ነን፣ ለስፔሻላይዝድም ያከራየነው እኛው ነን፣ ሱቋ ትጠቀምበት" አለ። ሲንያርድ በአካል ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ቢያንስ ይሄኛው ፍርድ ቤት ሳይደርስ አለቀ።

እሺ፣ ግዢው። ቮላጂ ዛሬ አዲስ ሳይክል አይሸጥላችሁም፣ ዋስትናም መለዋወጫም ብላችሁ የምትደውሉለት ቦታ የለም። ትልቁ ጉድለቷ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊሾዎች ፍሬን በዘይት ሳይሆን በኬብል የሚጎተት ነው፣ ለአስፋልት ሳይክል የሚሆን የዘይት ፍሬን ገበያ ላይ በደንብ የወጣው በ2013 ነውና። የኬብሉ ፍሬን መጥፎ አይደለም፣ ግን ሸራው በተበላ ቁጥር በእጅ ማጥበቅ ይፈልጋል፣ የማትነኩት ሰዎች ከሆናችሁ ይቅርባችሁ። የዛሬው ፍላት ማውንት የሚባለው የፍሬን መቀመጫም ከ2014 በኋላ የመጣ ስለሆነ አዲስ ፍሬን ገዝታችሁ ቀጥታ ላስገባ ብትሉ እምቢ ይላችኋል። ሙሉ ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት የኋላው ጎማ መሃል ቴላዮው ላይ የሚገባበትን ክፍተት ስፋት በሚሊሜትር ለኩ። በሻጩ ቃል አትሂዱ።

በመጨረሻ ሳይክሏን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ ደጋኑ ከላይኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ዙሪያውን እዩ። ስንጥቅ ካያችሁ የተሰነጠቀው ቀለሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሳንቲም ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ድምፁ ከሌላው ቦታ ይልቅ የታፈነ ከሆነ ሻጩ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ ተዉት።