ባለ ቫልቭ ስፔሰር፦ የሌላ ሰው ሲጋራ አስሙን ለሚቀሰቅስበት

የሰው ሲጋራ ጭስ አስሙን ለሚያስነሳበት ሰው ገበያው ብዙ ነገር ያቀርብለታል፤ የአየር ማጣሪያ ማሽን፣ ማስክ፣ የሽታ ማጥፊያ፣ ኔቡላይዘር (ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም የሚለውጥ ማሽን)። ከሁሉም ቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ግን ሞተርም ባትሪም የሌለው ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ስፔሰር ይባላል። ፓፉን (መድኃኒት የሚረጨውን የአስም ኢንሄለር) ገዝቶ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ስፔሰር አብሮ የሚገዛ ግን ጥቂት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንዱ ጫፍ ፓፉ የሚሰካበት የላስቲክ ቀለበት አለ፤ በሌላው ጫፍ ወይ አፍ ውስጥ የሚገባ መያዣ ወይ ፊት ላይ የሚደፋ ጭምብል። ቫልቩ የተቀመጠው ከአፍ በኩል ነው፤ አየር ሲሳብ ይከፈታል፣ ሲተነፈስ ይዘጋል፤ እርጥቡ ትንፋሽ መድኃኒቱ ወዳለበት አይመለስም። እንደ ኤሮቻምበር ያሉት ትንንሾቹ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። ሁለት ግማሽ ተገጣጥሞ የሚሠራው ቮልዩማቲክ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ትልቁ ለቤት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ የሚያጋጥመው ታክሲ ተራ ላይ፣ ግሮሰሪ በር ላይ፣ ሠርግ ድንኳን ጥግ ነው። ቦርሳ ውስጥ የማይገባ ስፔሰር ቁም ሳጥን ላይ ይቀራል። ስለዚህ ምርጫችን ትንሹ ነው።

ለጭስ አስም ይህ ዕቃ ለምን ይበልጥ ይጠቅማል? ከሲጋራው ጫፍ በቀጥታ የሚትጎለጎለው ጭስ አክሮሊን፣ ፎርማልዴሃይድና አሞኒያ ይዟል፤ እነዚህ የአየር ቧንቧውን ይቆጠቁጡና መጀመሪያ ሳል ያመጣሉ፣ ጥበቱ ይከተላል። የሚያስል ሰው ደግሞ ፓፉን መጫንና ትንፋሹን መሳብ በአንድ ሰከንድ ሊያጣጥም አይችልም። መድኃኒቱ ከፓፉ ጣሳ የሚወጣው በኃይል ነው፤ ያለ ስፔሰር አብዛኛው ጉሮሮና ምላስ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ይዋጣል። በትክክል የሚጠቀም ሰው እንኳ ሳንባው ጋ የሚደርስለት ትንሹ ክፍል ነው። ስፔሰሩ ርጭቱን ለጥቂት ሰከንድ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱን ይሰብራል፣ ትልልቁ ጠብታ ቱቦው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ሳንባ ይገባል። በመካከል ቢያስል እንኳ ቀና ብሎ ቀጣዩን ትንፋሽ ከቱቦው መሳብ ይችላል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የሁለቱም ክዳን ይነሳል፤ ቱቦው ውስጥ ነገር መግባት አለመግባቱ ይታያል (ቦርሳ ውስጥ ክፍቱን የሚውል ስፔሰር ሳንቲምም ፍርፋሪም ያስገባል)። ፓፉ አምስት ሰከንድ ያህል በደንብ ይነቀነቃል፣ ቀጥ ብሎ ይሰካል። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳይነካ ከቆየ መጀመሪያ ጥቂት ርጭት ወደ አየር ይለቀቃል፤ ስንት እንደሆነ ውስጡ ያለው ወረቀት ይናገራል። አየር ወደ ውጭ ይወጣል፣ መያዣው በጥርስ መካከል ገብቶ በከንፈር ይታተማል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል። ወዲያው በቀስታ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ በሚወስድ ትንፋሽ ይሳባል፤ ከተቻለ ትንፋሹ እስከ አሥር ሰከንድ ይያዛል። ትንፋሽ መያዝ የማይችል ሰው መጨነቅ አያስፈልገውም፤ ቱቦው አፉ ላይ እንዳለ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ እንደ ወትሮው መተንፈስ ይበቃል። ሁለተኛ ፓፍ (ርጭት) ካስፈለገ ከሠላሳ ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ጠብቆ፣ እንደገና ነቅንቆ።

አንዳንዶቹ ስፔሰሮች ፊሽካ አላቸው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ ፊሽካው ሲጮህ «ሠራልኝ» ይላል። ተቃራኒው ነው። የሚጮኸው ትንፋሹ ሲፈጥን ነው፤ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ሁለት ሦስት ፓፍ በአንድ ላይ ቱቦው ውስጥ ነፍቶ መሳብ ነው። ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ጠብታዎቹ ግን እርስ በርስ ይጋጩና ይተልቃሉ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ሳንባ የሚገባው ይቀንሳል። ነፍቶ መዘግየትም ያው ነው። ለሕፃን ጭምብሉ በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ ክፍተት ካለው መድኃኒቱ በጎን ይወጣል፤ እያለቀሰ ያለ ልጅ ደግሞ ጭምብሉ በደንብ ቢደፋም ጥቂት ነው የሚደርሰው፤ ማባበሉ ይቀድማል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ልጁ በከንፈሩ መያዝ ከቻለ ጭምብሉ ይውለቅ።

ጭሱ ጥቃት ካስነሳ መጀመሪያ ከጭሱ መውጣት ነው፤ ተቀምጦ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ፣ ሳይተኛ። በአውስትራሊያ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት የሚሰጠው ስሌት ለማስታወስ ይቀላል፤ ቧንቧውን የሚከፍተው ሰማያዊው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ አራት ፓፍ፣ አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ አራት ትንፋሽ፣ ከዚያ አራት ደቂቃ መጠበቅ። ካልተሻለው ሌላ አራት። አሁንም ካልለቀቀው ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጠርተው እየጠበቁ በየአራት ደቂቃው መቀጠል። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የድብታ ምልክት ያሳየ ሰው ግን አራት ደቂቃ አይጠበቅለትም። ሐኪም የተለየ መጠን የጻፈለት የራሱን ይከተል።

የኔቡላይዘር ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ «ማሽኑ ነው የሚያድነው» ብሎ ያምናል። በቀላልና በመካከለኛ ጥቃት ስፔሰር ያለው ፓፍ ከማሽኑ አያንስም፤ በልጆች ላይ እንዲያውም የልብ ምት የሚያፈጥነው ያነሰ ነው። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ኔቡላይዘሩ ለከባዱ፣ ኦክስጅን ላለበት ክፍል ይቆይ። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬም ሰውን ወደ ሳልቡታሞል ኪኒን ይገፋዋል፤ ኪኒኑ ዘግይቶ ይሠራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። በትንፋሽ የሚሳበው በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፣ መጠኑም እጅግ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው በአንድ ርጭት 100 ማይክሮግራም።

አጠባው ላይ ብዙ ስፔሰር ይበላሻል። በወር አንዴ ያህል ይፈታታል፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ይወጣና ቆሞ በራሱ ይደርቃል። በጨርቅ አይወለወልም። ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ስቦ ያስቀረዋል። የሳሙናው ስስ ሽፋን ውስጡ ላይ ቢቀር ይህንኑ ይከላከላል፤ አፍ የሚነካው ክፍል ብቻ ይለቅለቅ። አንዳንድ አምራቾች ዕቃቸው ኤሌክትሪክ እንዳይዝ አድርገው ሠርተው እንዲለቀለቅ ያዛሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱን ማንበብ ነው። የፈላ ውኃ ቫልቩን ያጣምማል። ቫልቩ ከተቀደደ፣ ከተጣበቀ ወይም ከጠነከረ ስፔሰሩ ይቀየር፤ በየቀኑ የሚሠራበት በስድስት ወርና በዓመት መካከል ዕድሜው ያልቃል።

የማይገኝ ከሆነ ወይም ዋጋው ካልተቻለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አለ። ቀልድ አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካ በልጆች ላይ ተሞክሮ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር የተቀራረበ ውጤት ሰጥቷል። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ይወሰዳል፤ የፓፉ አፍ ቅርፅ ታችኛው ወለል ላይ ይሳላል፣ በጋለ ሽቦ ይበሳል፤ ቀዳዳው ፓፉን ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት፣ በዙሪያው ክፍተት ካለ በፕላስተር ይታሸጋል። የጠርሙሱ አፍ በከንፈር ይያዛል። ቫልቭ ስለሌለው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እዚያው ይተነፈሳል። የተቆረጠው ፍርፋሪ ውስጡ እንዳይቀር ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ ለማጠብ ጊዜ ከሌለ ውስጡ አሥር ያህል ርጭት ለቆ ግድግዳውን መሸፈን ይቻላል። መድኃኒት ማባከን ነው፤ ለዚህ ነው ሳሙና የሚሻለው። ቅርፁ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጨማደዳል። ለችግር ቀን ጥሩ፣ ለዓመት አይሆንም።

ስፔሰር የማይሠራው ከምን ጋር ነው? ከዱቄት መሳቢያዎች ጋር፤ ዲስክ የሚመስሉትና ቱርቡሄለር ቱቦ ውስጥ አይነፉም፣ በኃይል በቀጥታ ይሳባሉ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ኢንሄለር የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያዩ ስፔሰር መግዛት የተለመደ ኪሳራ ነው።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ይህ ዕቃ በደንብ ስለሚሠራ ሰውን ያዘናጋል። ሁለት ፓፍ ስቦ ጭስ የሞላበት ቤት መግባት ልማድ ይሆናል። ሳልቡታሞሉ ቧንቧውን ይከፍተዋል፤ ጭሱ የሚያመጣውን ብግነት ግን አያስቆምም፣ የሚያስጠነቅቀውን ጥበት ብቻ ይሸፍናል። አንድ ጣሳ 200 ርጭት ነው፤ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ ቁጥጥር ውስጥ አይደለም፣ በወር አንድ የሚጨርስ ደግሞ አደጋ ላይ ነው። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ ሳልቡታሞልን ብቻውን አይመክርም፤ የሚተነፈስ ስቴሮይድ አብሮ ያስፈልጋል። ለቤክሎሜታዞን ዓይነቱ ስቴሮይድ ስፔሰሩ ድርብ ጥቅም አለው፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ይቀንሳል፣ የድምፅ መጎርነንና የአፍ ፈንገስ ይቀንሳል። ያም ሆኖ አፍ መጉመጥመጥ አይቀርም።

በሕግ በኩል ቢያንስ የሚጠቀስ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮቱ በ10 ሜትር ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በረንዳ ላይ የሚያጨሰውን ደንበኛ ከመለመን ይልቅ ለቤቱ ኃላፊ ይህን ቁጥር መጥቀስ ይሻላል።

ሌሎቹን ዕቃዎች ባጭሩ፤ ኤን95 ማስክ ደቃቁን ጭስ ይይዛል፣ ጋዙን አይዝም፤ ሽታው ከገባ ጋዙም ገብቷል። የአየር ማጣሪያ ለመኝታ ክፍል ያግዛል፤ 12 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ላለው ክፍል በሰዓት 150 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር የሚሰጥ፣ ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው፣ ጋዝ የሚይዘው ካርቦኑም ወፍራም የሆነ ይፈለጋል፤ ወረቀት የሚያክል የካርቦን ጨርቅ ቶሎ ይጠግባል። ኦዞን የሚያመነጭ ማሽን አስምን ያባብሳል፣ አይገዛ። የሽታ ማጥፊያ ስፕሬይና ዕጣን ጭሱን አያጠፉም፤ ሁለተኛ ጭስ ይጨምራሉ።

ሲገዛ ሳጥኑ እዚያው ይከፈት። ፓፉ ቀለበቱ ላይ ሳይወዛወዝ መግባቱ ይሞከር፣ ቫልቩ በቀላል ትንፋሽ አየር ሲሳብ መከፈቱ፣ ሲተነፈስ መዘጋቱ ይታይ (ይህን ሻጩ የማይፈቅድ ከሆነ በብርሃን አቅጣጫ ይዞ ቫልቩ ሙሉ መሆኑን ማየት)፣ የጭምብሉ መጠን ከልጁ ዕድሜ ጋር ይመሳከር። ተለዋጭ ቫልቭ ለብቻው እምብዛም ስለማይሸጥ፣ ሁለት ቢገዛ አንዱ ቤት አንዱ ቦርሳ ይሆናል። ፓፉ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ ጣሳው ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም።