በመንጋ መካከል የሚነዳ ሞተር፦ ያማሃ ኤጂ 100 በፎገራ መንገዶች ላይ

ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክልን ላለፉት 8 ዓመታት ስነዳ ቆይቻለሁ። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው፤ ከወረታ ተነስቼ ክትባትና መድኃኒት ጭኜ በፎገራና በሊቦ ከምከም ቀበሌዎች ስለምዞር፣ በመንገድ ላይ ከመኪና ይልቅ ከብት የማገኝበት ጊዜ ይበልጣል። ስለ ሞተር ሳይክል የሚጻፉ አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነትን፣ የቤንዚን ፍጆታንና ዋጋን የሚመለከቱ ናቸው። በገጠር ለሚነዳ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ በሬ፣ አህያ ወይም ውሻ ድንገት መንገድ ሲገባ ይህ ሞተር ነጂውን ምን ያህል ያግዘዋል? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው።

«ኤጂ» የሚሉት ሁለት ፊደላት የተወሰዱት ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ከብትና በግ በሞተር ሳይክል ማገድ የተለመደ ሥራ ሲሆን፣ ይህም ሞተር የዚያው ዓይነት የእርሻ ሞተሮች ቤተሰብ ነው። በአፍሪካ አገሮች ደግሞ የግብርና ባለሙያዎች፣ የጤና ሠራተኞችና የእርዳታ ድርጅቶች ለረጅም ዘመን ሲገለገሉበት ኖረዋል። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 97 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት ሞተር አለው፤ ማርሹ 5 ነው፤ የፊቱም የኋላውም ፍሬን ባለ ከበሮ ነው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሚሽከረከር ጭቃም ሆነ አቧራ አይደርስበትም። ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ አለው። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጀታ ደግሞ ከመሪው ጫፍ ተነስቶ የሚታጠፍ ወፍራም ብረት ይከልላቸዋል። ይህ ብረት በከተማ ለሚነዳ ሰው ጌጥ ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ባለውለታዬ እርሱ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት መንጋ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራው አስፋልት ለከብቱ ደረቅ ማረፊያ ይሆናል። ማታ ማታ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆኑት የፎገራ ላሞች መንገዱን ሞልተው ቆመው ያመሰኳሉ፤ ነጂው ቢቸኩልም ባይቸኩልም በመካከላቸው ከማለፍ ሌላ ምርጫ የለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የኤጂ 100 አንደኛ ማርሽ የሰው እርምጃ ያህል ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ሞተሩ አይጠፋም፤ ነጂውም ፍሪሲዮኑን ደጋግሞ መያዝ ሳያስፈልገው ሁለቱን እግሮቹን አውርዶ መሬት እየነካ ማለፍ ይችላል። ባለፈው ነሐሴ አንድ በሬ ዝንብ ለማባረር ራሱን ወደ ጎን ሲወረውር ቀንዱ በቀጥታ የግራ እጄን ጣቶች ከሚከልለው ብረት ጋር ተጋጨ፤ ብረቱ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭረት ቀረበት እንጂ ጣቶቼ አልተነኩም።

የከብትን ጠባይ የማያውቅ ነጂ ግን ይህ ሞተር ብቻውን አያድነውም። የከብት ዓይኖች ከራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል፤ የማያየው በትክክል ከኋላው ያለውን ነው። ስለዚህ ከበስተኋላ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሞተር ለከብቱ የሚሰማ ነገር ግን የማይታይ ነገር ይሆንበትና ይደነብራል። ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ ከሩቅ እየታዩ መቅረብ ይገባል። ክላክስ ከ50 ወይም ከ60 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ መንፋት እረኛውን ያነቃዋል፤ አጠገቡ ደርሶ መንፋት ግን ከብቱን ወዴት እንደሚያስፈተልከው አይታወቅም። መንገድ እያቋረጠ ያለ ከብት ሲያጋጥም ደግሞ በጭራው በኩል ማለፍ ይሻላል፤ ከብት የጀመረውን መንገድ ትቶ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ከስንት አንዴ ነውና። ከፊቱ ቀድሞ ለማለፍ የሚሞክር ነጂ ግን ፍጥነቱን በእንስሳው እርምጃ ላይ እያስያዘ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ ቀን ወድቄአለሁ። ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ እየተመለስኩ ነበር፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፤ ከብቱም ወደ ቤት የሚገባበት ሰዓት ነው። ከፊቴ አንዲት ላም መንገዱን ተሻግራ ካበቃች በኋላ ዘወር ብላ ቆመች፤ ጆሮዎቿን ወደፊት ቀስራ ወደ መጣችበት ትመለከታለች። እኔ ግን መንገዱ ክፍት ሆነልኝ ብዬ ቤንዚን ጨመርኩ። በግራ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጥጃዋ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውሮ ወጣ። ሁለቱንም ፍሬን ይዤ መሪውን ወደ ቀኝ ሳጥፍ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተና ሞተሩ በቀኝ ጎኑ ተኛ። የእጀታው መከለያ ብረት አስፋልቱን እየፋቀ ሦስት ሜትር ያህል ተጎተተ፤ የእግር መርገጫው ታጠፈ፤ ቀኝ ስፖኪዮው ተሰበረ፤ ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም ግን እንደነበሩ ቀሩ። እኔ ጉልበቴ ተላጠ። ጥጃው እናቱ ጋር ደርሶ መጥባት ጀምሮ ነበር። የላሟ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ መጥተው ካነሱኝና ምንም እንዳልሆንኩ ካረጋገጡ በኋላ፣ «እናቱ ማዶ ቆማ እያየሃት፣ ጥጃው ይቀራል ብለህ ነው ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ተሻግራ ዘወር ብላ የምታይ ላም ሳይ ሙሉ በሙሉ እቆማለሁ።

ፍየሎች መሪያቸው ከተሻገረ ሌሎቹ መቅረት ስለማይችሉ አንዷን ያየ ሰው አሥሯን መጠበቅ አለበት። አህያ ግን በተቃራኒው መሃል መንገድ ላይ ፈዝዞ ይቆማል፤ ጭነት ካለውም ነጂው የሚያሰላው የአህያውን ወገብ ሳይሆን በግራና በቀኝ የወጣውን ጆንያ ወይም እንጨት መሆን ይገባዋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ውሻ ነው። ከግቢ ሮጦ የሚወጣ ውሻ አቅጣጫውን የሚያሰላው በሞተሩ ፍጥነት ነው፤ ነጂው ቀድሞ ማርሽ ቀንሶ ቀስ ካለ በኋላ ውሻው ሊደርስ ሲል ቤንዚን ቢጨምር ስሌቱ ይዛባበታል። በእግር ለመምታት መሞከር ሚዛንን ያሳጣል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት በሙያዬ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ባለ ከበሮ ፍሬን ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጭቃና ጠጠር በቀላሉ አይገባበትም፣ ጥገናው ቀላል ነው፣ በድንገት ሲጨበጥም እንደ ዲስክ ፍሬን ጎማውን ቶሎ አያስርም፤ ይህም በኮረኮንችና በተለይ እርጥብ እበት በፈሰሰበት አስፋልት ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ እበት ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታልና። በሌላ በኩል ወንዝ ተሻግሮ ከበሮው ውስጥ ውሃ የገባ እንደሆነ እስኪደርቅ ድረስ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከውሃ እንደወጡ ፍሬኑን በቀስታ እየያዙ ጥቂት መሄድ ያስፈልጋል። በፍጥነት ለሚነዳ ሰውም አይበቃም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ነጂው ጥጃውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ያን ያህል መንገድ አለቀ ማለት ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ግን ከ8 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔ ከብት ባየሁበት ቦታ ሁሉ 30ን አላልፍም፤ ይህ ሞተር የተስማማኝም ለዚህ ፍጥነት የተፈጠረ ስለሚመስል ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲለቀቅ እንደ ባለ አራት ምቱ ወደ ኋላ አይዝም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት በዚህ ሞተር የሚወርድ ሰው ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ አለበት፤ ከመታጠፊያው ጀርባ የበግ መንጋ ቢቆም የጋለ ፍሬን አስተማማኝ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል ስለሆነ፣ ቤንዚን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ መውረድ ሞተሩን ዘይት ያሳጣዋል፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ቤንዚን መስጠት ይጠቅማል።

ስለ መለዋወጫ አንድ የደረሰብኝን ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ ኦሪጅናል ነው ተብሎ የተሸጠልኝ የፍሬን ሸራ በአምስተኛው ሳምንት ከብረቱ ተላቀቀ፤ ደግነቱ ይህ የሆነው በቢሯችን ግቢ ውስጥ ነበር። ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ በጥፍር ሳይፈትሹ መግዛት አይገባም፤ ክፍተት ከታየ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው።

አብዛኛውን ጊዜውን ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ባለው አስፋልት ላይ በፍጥነት ለሚመላለስ ሰው ይህን ሞተር አልመክርም፤ ሲጫን ይደክማል፣ ጭስም አለው። በማታ መንዳትንም በማንኛውም ትንሽ ሞተር አልመክርም፤ ፊቱን ያዞረ እንስሳ ዓይኑ በመብራት ያበራል፣ ጀርባውን የሰጠ ጥቁር በሬ ግን እላዩ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። የበዓል ዋዜማ ሳምንታትም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ለፋሲካና ለገና ገበያ የሚነዱት ሙክቶችና ሰንጋዎች አስፋልት ለምደው የማያውቁ ናቸው።

ያገለገለ ኤጂ 100 ለመግዛት ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የእጀታ መከለያዎቹን ይመልከት። ቀጥ ያሉና የተጫሩ ከሆኑ ሥራቸውን የሠሩ ናቸው፤ ተነቅለው ከሆነ ግን ሻጩ መልሶ እንዲያስገጥማቸው ይጠይቅ፣ ካልሆነም ብረት ሠሪ ዘንድ ወስዶ ያስበይድ። የካቴናው ሽፋን ሙሉ መሆኑን ያረጋግጥ። በመጨረሻም የዘይት ገንዳውን ከፍቶ በውስጡ ያለው የባለ ሁለት ምት ዘይት መሆኑን ሳያይ አያስነሳው፤ የመኪና ዘይት የተሞላባቸውን ሁለት ሞተሮች በዓይኔ አይቻለሁና።